ኮርቻ ክረምትን በምን ይለፍ? ለወሎ ባለበቅሎና ባለፈረስ የቅባትና የማስቀመጫ ንጽጽር

በወሎ ብዙ ኮርቻ የሚያልቀው ያለ ሥራ በተሰቀለባቸው ወራት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ዳገትና ቁልቁለት ሲመላለስ የቆየ ኮርቻ፣ ሐምሌ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ከአንድ ጥግ ይቀመጥና መስከረም ላይ ሲወርድ ሆዱ ሻግቶ፣ የእርካቡ ማንጠልጠያ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ልጓሙም ዝጎ ይገኛል። ጠፍር መቀየርና ስፌት ማስደገም ወጪ ነው። ከወጪው የሚከፋው ግን ጉዳቱ ሳይታይ ቀርቶ በቅሎዋ ገደል ጥግ ለጥግ ስትወርድ ማንጠልጠያው የተበጠሰ እንደሆነ ነው።

ባለቤቱ ይህን ለመከላከል ምክር ሲጠይቅ የሚሰማው መልስ የተለያየ ነው። አንዱ ቅቤ ቀባው ይለዋል፤ ሌላው ሞራ እንጂ ቅቤ አይሆንም ይለዋል፤ ሦስተኛው ሰም አቅልጠህ አፍስስበት ይለዋል፤ ከተማ ያለው ዘመድ ደግሞ ቫዝሊን ገዝቶ ይልክለታል። ማስቀመጫውም እንዲሁ ነው፤ ከምድጃ በላይ ስቀለው የሚል አለ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው የሚልም አለ። እያንዳንዱ ምክር በሆነ ቤትና በሆነ ቆዳ ላይ ሠርቶ ስለሚሆን ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ችግሩ የደጋው የዳውንት ሰው ምክር ለቆላው የባቲ ሰው፣ የጠፍር ምክር ለለፋ ቆዳ ሲውል ነው። ይህ ጽሑፍ አማራጮቹን አንድ በአንድ ከመመርመሩ በፊት የሚመዘኑበትን ነገር ያስቀምጣል።

መመዘኛው ምንድን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ቆዳውን መለየት ያስፈልጋል። በአንድ ኮርቻ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ቆዳ አለ። የኮርቻውን እንጨት ጠፍሮ የያዘው፣ እንዲሁም ብዙው መጫኛ፣ ያልለፋ ጥሬ ጠፍር ነው። መቀመጫውና ዛቡ (የልጓሙ መሳቢያ) አብዛኛውን ጊዜ በዛፍ ልጥ የለፋ ቆዳ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በፋብሪካ ክሮም በተባለ ኬሚካል የለፋ ቆዳ ለመጠገኛና ለማስጌጫ ይገባል። ጥሬው ጠፍር ውሃ ሲጠጣ ይረግባል፣ ይላላል፣ ከቆየም ይበሰብሳል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ይጠነክራል። በልጥ የለፋው ውሃን በመጠኑ ይችላል፣ ሻጋታን ግን አይችልም። በክሮም የለፋው ከሁሉም ይልቅ እርጥበትን ይታገሣል፤ የሚፈልገውም ቅባት ጥቂት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ያልገባው ሰው የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከት። ጥሬ ጠፍር ጠርዙ እንደ ቀንድ ብርሃን የሚያሳልፍና ድርቅ ያለ ነው፤ በልጥ የለፋው እስከ ውስጥ ድረስ ቡናማ ነው፤ በክሮም የለፋው መካከሉ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቤቱ ከፍታ ነው። ወሎ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ደጋንም ቆላንም የያዘ አገር ነው። ባቲ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ደሴ ወደ 2,500፣ የደላንታዋ ወገል ጤና ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በባቲ ሙቀት የሚቀልጥ ቅባት በወገል ጤና ብርድ ይጠጥራል። ከዚህ ላይ የወሎ ደጋ ከክረምቱ በተጨማሪ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በልግ ስለሚዘንብበት፣ ቆዳ በዓመት ሁለት ጊዜ እርጥበት ያገኘዋል።

እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ በኋላ እያንዳንዱ ቅባት በአምስት ጥያቄዎች ይመዘናል። ውሃ ያስቀራል ወይ? ወደ ቆዳው ሥር ዘልቆ ያለሰልሰዋል ወይስ ከላይ ብቻ ይቀራል? በሦስት ወር ውስጥ ይሻግታል ወይም ይከረፋል ወይ? አይጥና ውሻ ይጠራል ወይ? በአቅራቢያ ገበያ በምን ያህል አቅም ይገኛል? ብዙ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኔ ግን ሦስተኛውን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም የወሎ ክረምት ኮርቻ ላይ የሚዘንበው ጥቂት ቀን ሲሆን፣ የታፈነው የቤት እርጥበት ግን ለወራት ይቆያል።

ቅቤ

ቅቤ በየቤቱ ያለ፣ ቆዳን ወዲያው የሚያለሰልስና እጅ የለመደው ስለሆነ የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑ አያስገርምም። በጠጉር ላይ የሚሠራውን ያየ ሰው በቆዳም ላይ ይሠራል ብሎ ማሰቡ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ጠጉር ይታጠባል፣ ቅቤውም ይታደሳል፣ ኮርቻ ላይ የገባው ቅቤ ግን ከዚያው ይቀራል። ቅቤ ንጹሕ ቅባት አይደለም። በፋብሪካ የሚዘጋጀው እንኳን እስከ 16 በመቶ ውሃ ይይዛል፤ ከዚህም ሌላ የወተት ቅሪት አለበት። ይህ ውሃና ቅሪት ለሻጋታ ምግብ ነው። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ይበረታል፤ የደሴ ሐምሌና ነሐሴም የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖት የሚውልበት ጊዜ ነው።

ማንጠሩ የውሃውንና የቅሪቱን ችግር ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ቅቤ የግድ ከሆነ ቅመም ያልገባበት፣ ተነጥሮ አተላው የቀረ ይሁን። ያም ሆኖ የቅቤ ቅባት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ በባቲና በኮምቦልቻ ፀሐይ ከቆዳው እየወጣ ልብስ ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል። በመጨረሻም አይጥ አለ። ቅቤ የጠጣ ዛብ ከጎተራ አጠገብ ተሰቅሎ ማደሩ ለአይጥ እንደ መጋበዝ ነው፤ አይጥ የበላው ዛብ ደግሞ አይጠገንም። ስለዚህ ቅቤን የምመክረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሥራ ወራት፣ በየሳምንቱ በሚታሸና በሚጠረግ ቆዳ ላይ፣ በጣም በትንሹ። ለክረምት ማሳደሪያ አይሆንም። ከዋጋውም አንጻር ከሁሉም ውድ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ቤተሰብ የሚበላውን ለሻጋታ መስጠት ደግሞ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ሞራና ላት

የበሬ ሞራ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የበግ ሞራ ደግሞ ከዚህም ጥቂት ይጠነክራል። የወሎ በግ ላት ግን ከሁለቱም የለሰለሰ ነው። በፋሲካም በዒድም የሚታረደው በግ ላቱና ሞራው በቤት ስለሚገኝ ለብዙ ሰው ወጪ የለውም። ጥሬ ጠፍርን ለማሳደር ከሞራ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ጠፍር እንደ ለፋ ቆዳ ልስላሴው በልፊያ አልተጠበቀለትምና ውሃውን የሚያስቀርለትም የሚያለሰልሰውም ይኸው ሞራ ነው።

ልዩነቱ ያለው አዘገጃጀቱ ላይ ነው። ሥጋና ደም የያዘ ሞራ ከቅቤም በፊት ይከረፋል። ሞራው ተከትፎ ከጥቂት ውሃ ጋር በዝግታ ይቀለጣል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፣ ሲረጋ ከላይ ያለው ነጩ ይነሣና ከሥር የቀረው ውሃና ዝቃጭ ይደፋል። ይህን ሁለት ጊዜ የደገመው ሰው ሽታ የሌለው፣ ለወራት የሚቆይ ቅባት ያገኛል። ጨው የገባበት ሞራ ፈጽሞ አይቀባ፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ያዝጋል።

የሞራ ጉድለቱ ሁለት ነው። አይጥና ውሻ ይወዱታል፣ ሌሊት ውጭ የቀረ መጫኛም ለጅብ ራት ይሆናል። በከፍተኛው ደጋ ደግሞ ብቻውን የተቀባ ሞራ በብርዱ ረግቶ ቆዳው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህ ሻጋታ ሳይሆን የረጋ ቅባት ነው፤ በእጅ ሙቀት ሲታሽ የሚጠፋ ከሆነ ሞራ ነው፣ እንደ ጸጉር የቆመና ሲነካ የሚበን ከሆነ ሻጋታ ነው።

የዘር ዘይቶች፦ ጉሎ፣ ኑግና ተልባ

እነዚህን ሦስቱን እንደ አንድ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ይደርቃል፤ ለእንጨት ቀለም የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው። ቆዳ ውስጥ ሲደርቅ ግን ቆዳውን ያጠነክረዋል፣ ሲታጠፍም ይሰነጥቀዋል። የኑግ ዘይት በዝግታ ይደርቃል፤ በመጀመሪያው ወር መልካም መስሎ ቆይቶ በኋላ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራም ይይዛል። የኮርቻው እንጨት ባዶውን የሚታይ ከሆነ ተልባን ለእንጨቱ ማዋል ይቻላል፤ ከቆዳው ግን ይራቅ።

ጉሎ ከእነዚህ የተለየ ነው። የጉሎ ዘይት አይደርቅም፣ በቀላሉም አይከረፋም፣ ወደ ቆዳ ሥር ይዘልቃል፣ አይጥም አይወደውም። በወይና ደጋውና በቆላው አጥር ጥግ የሚበቅል ስለሆነ ዘሩን ለማግኘት ገበያ መውጣት አያስፈልግም። ዘሩ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይፈላና ከላይ የሰፈፈው ዘይት ይቀነሳል፤ ከዚያም በውስጡ የቀረው ውሃ እስኪተን ድረስ ለብቻው ይሞቃል። ድካም የማይፈልግ ሰው ከመድኃኒት መደብር ጥቂት ጠርሙስ ሊገዛ ይችላል፣ ለአንድ ዛብ ይበቃል፤ ለሙሉ ኮርቻ ግን ይወደዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መነገር አለበት። የጉሎ ዘርና ዘይቱ የወጣለት አተላ መርዝ ነው፤ መርዙ ወደ ዘይቱ አይገባም፣ በአተላው ይቀራል። አተላው ለከብት፣ ለዶሮም ሆነ ለበቅሎ እንዳይሰጥ፣ ልጆች በሚደርሱበት ቦታም እንዳይጣል፣ ተቆፍሮ ይቀበር።

ጉሎ ብቻውን ውሃ አያስቀርም። ለስላሳነት ይሰጣል፣ ዝናቡን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ አጋር ይፈልጋል።

ሰም

አጋሩ ሰም ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ በየትኛውም የወሎ ፀሐይ ቆዳው ላይ ይጸናል፤ አይሻግትም፣ አይከረፋም፣ ለብዙ ዓመት ቢቀመጥ አይለወጥም። ውሃን በማስቀረት ከዚህ ንጽጽር ውስጥ የሚተካከለው የለም። የላስታ ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ ማር ባለበት ሰፈፍ አለ፣ ጠጅ የሚጥሉ ቤቶችም ሰፈፉን ይሸጣሉ። ሰፈፉ በውሃ ተፈልቶ፣ በጨርቅ ተጠልሎ ሲረጋ ቢጫው ሰም ከላይ ይቀራል።

ብዙ ሰው ሰምን የሚያበላሸው ብቻውን በመጠቀሙ ነው። ሰም ቆዳን አያለሰልስም። የደረቀና የተራበ ቆዳ ላይ የፈሰሰ ሰም ከላይ ቅርፊት ይሠራል፤ ቆዳው ሲታጠፍ ቅርፊቱ ይሰበራል፣ ውሃውም በስብራቱ ይገባና ሰሙ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። እርጥብ ቆዳ ላይ የተቀባ ሰም ደግሞ እርጥበቱን ከነሻጋታው አፍኖ ይይዛል። ሰም የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

እኔ ደሴ ላይ የምጠቀመው ልክ በሚዛን 1 እጅ ሰም፣ 2 እጅ የተነጠረ ሞራ፣ 2 እጅ ጉሎ ነው። ባቲ ወይም ሚሌ መንገድ ላይ ለሚሠራ ዘመድ ሳዘጋጅ ሰሙን ወደ 2 ከፍ አደርግና ጉሎውን ወደ 1 አወርዳለሁ፤ ለሙቀት የጠነከረ፣ ለብርድ የለሰለሰ ውሁድ ያስፈልጋል። ሦስቱ በአንድ ጣሳ ተደርገው ጣሳው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ሊነድ ይችላል። በደሴ ከፍታ ውሃ ከ92 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ሰሙን ለማቅለጥ ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከእሳት ወርዶ እስኪረጋ ድረስ ይማሰላል፤ ካልተማሰለ ሰሙ ጥራጥሬ ይሆናል። ለአንድ ኮርቻ ከነዛቡ ከነማንጠልጠያው 150 ግራም ገደማ ይበቃል።

ሰም ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ሰም ግማሹ የፋብሪካ ሻማ ነበር። በቆዳው ላይ ነጭ ቅርፊት እየሆነ ረገፈ፤ ኮርቻውን እንደገና ጠርጌ ለማዘጋጀት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የንብ ሰም የማር ሽታ አለው፣ ሲሰበር ስብራቱ ደብዛዛና ሸካራ ነው፣ በጣት ሙቀት ሲታሽ ይለሰልሳል። ሻማ የተቀላቀለበት ያሟልጫል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሽታውም የለም ወይም የነዳጅ ነው።

በአጭሩ የሚታለፉት

ቫዝሊን አይሻግትም፣ አይከረፋም፤ ነገር ግን ወደ ቆዳው ብዙ አይዘልቅም፣ አቧራም ይይዛል። ቦታው ብረት ነው፤ ልጓምንና እርካብን ለክረምት ለማሳደር ከእርሱ የቀለለ ነገር የለም። የጫማ ቀለም መልክ ይሰጣል እንጂ ቆዳ አያለሰልስም፤ ከቅባቱ በኋላ ለሠርግና ለበዓል ቢቀባ ክፋት የለውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ለቆዳም፣ ለክሩም፣ ለእንስሳዋ ገላም ጎጂ ስለሆነ ፈጽሞ አይቀባ። ነጭ ጋዝም እንደዚሁ ነው።

| አማራጭ | ውሃ ማስቀረት | ማለስለስ | በክረምት መቆየት | አይጥና ውሻ | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቅቤ | ዝቅተኛ | ጥሩ | ይሻግታል፣ ይከረፋል | በጣም ይጠራል | ውድ | በሥራ ወራት ብቻ፣ በጥቂቱ |
| የተነጠረ ሞራና ላት | መካከለኛ | ጥሩ | በደንብ ከተነጠረ ይቆያል | ይጠራል | ርካሽ | ጥሬ ጠፍር፣ መጫኛ |
| ጉሎ | ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ | ይቆያል | አይጠራም | በቤት ከተዘጋጀ ርካሽ | የለፋ ቆዳ፣ ዛብ |
| ኑግ፣ ተልባ | መካከለኛ | ቆይቶ ያጠነክራል | ሙጫ ይሆናል | በመጠኑ | መካከለኛ | ተልባ ለእንጨት ብቻ |
| ሰም ብቻውን | በጣም ጥሩ | የለም | አይለወጥም | አይጠራም | ውድ | ለስፌት ክር |
| ሰም፣ ሞራና ጉሎ በአንድ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ይቆያል | በጥቂቱ | መካከለኛ | የለፋ ቆዳ በክረምት |
| ቫዝሊን | መካከለኛ | ዝቅተኛ | አይለወጥም | አይጠራም | መካከለኛ | ብረት |

አቀባቡ

የትኛውም ቅባት ቢመረጥ ላብ ያለበት ቆዳ ላይ ከተቀባ ይከሽፋል። የበቅሎ ላብ ጨው አለው፤ ጨው እርጥበት እየሳበ ቆዳውንም ስፌቱንም ይበላል። ስለዚህ ኮርቻው ሰኔ ሳይጋመስ፣ ፀሐይ ገና ሳለች ይፈታ፣ በለብታ ውሃና በጥቂት የገላ ሳሙና በጨርቅ ይጠረግ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቆዳን ያደርቃል። ማድረቂያው ነፋስ ያለበት ጥላ ነው። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ አደገኛ ነው፤ እርጥብ ጥሬ ቆዳ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ተኮማትሮ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ቅባት የለም። ጉሎው ወይም ሞራው የሚቀባው ቆዳው ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ጥቂት እርጥበት እያለው ነው፤ ውሃው ሲወጣ ቅባቱ በቦታው ይገባል። ሰም ያለበት ውሁድ የሚከተለው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቆዳው በደንብ ሲደርቅ፣ በስሱ፣ በውጭው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ገላዋን የሚነካው ሆድ ሰም አያስፈልገውም። ብዙ መቀባት ጥሩ አይደለም፤ ከልኩ ያለፈ ቅባት የማንጠልጠያውን ጠፍር ያላላዋል፣ አንዱ እርካብ ከሌላው ረዝሞ ይገኛል።

ማስቀመጫው

ጥሩ ቅባት መጥፎ ማስቀመጫን አያድንም፤ ጥሩ ማስቀመጫ ግን መካከለኛ ቅባትን ያድናል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው ማስቀመጫውን ያስቀድም።

ከምድጃ በላይ መስቀል የደጋው የቆየ ልማድ ነው፣ ምክንያትም አለው። ጭስ ሻጋታንና ነፍሳትን ያርቃል፣ ቦታው ሁልጊዜ ደረቅ ነው፣ አይጥም አይደርስበትም። ለጥሬ ጠፍርና ለመጫኛ እጅግ ተስማሚ ነው። ለለፋ ቆዳ ግን ሙቀቱ ቅባቱን ያወጣዋል፣ ጥላሸቱም ከሰሙ ጋር ተጣብቆ አይለቅም። እጅን ከኮርቻው ቦታ ላይ ለጥቂት ጊዜ አቆይቶ ትኩሳት የሚሰማው ሰው ኮርቻውን ወደ ጎን ያርቀው።

በረት ወይም ጋጣ ለሥራው ቅርብ ስለሆነ ይመረጣል፤ ነገር ግን ከሽንት የሚወጣው አፍንጫን የሚሰነፍግ አየር ቆዳንም ክርንም ይጎዳል፣ እርጥበቱም ከቤቱ ይብሳል። በሥራ ወራት ለአንድ ሌሊት ካልሆነ በቀር አይመከርም።

ፌስታልና የማዳበሪያ ከረጢት ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው፤ ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ክረምት ከአባቴ የወረስኩትን ኮርቻ አዲስ ቤት ስገባ እንዳይቆሽሽ ብዬ በከረጢት ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ከረጢቱን ያራገፍኩት ቢሆንም የማዳበሪያው ቅሪት በስፌቱ ውስጥ ነበር። ማዳበሪያ ጨው ነውና እርጥበት ሳበ፣ ላስቲኩም እንዳይወጣ ያዘው። በመስቀል ሰሞን ስከፍተው የመቀመጫው ቆዳ በአረንጓዴ ሻጋታ ተሸፍኖ፣ እርካቡ በነካው ቦታ ሁሉ ጥቁር እድፍ ታትሞበት ነበር። ሻጋታውን ውጭ አውጥቼ በብሩሽ ጠረግሁት፣ በውሃ በቀጠነ አቼቶም ወለወልሁት። ጥቁሩ እድፍ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ዝገትና የዛፍ ልጥ ሲገናኙ እንደ ቀለም ይጠቁራሉና አይለቅም። ከዚያ ወዲህ ብረቱን ሳልለይ ኮርቻ አላሳደርኩም።

የተሻለው ማስቀመጫ ሰው የሚኖርበትና ነፋስ የሚገባው ክፍል ውስጥ ያለ የእንጨት ቋሚ ነው። ኮርቻው በጀርባ ላይ እንደሚቀመጥ ሆኖ ይቀመጥበታል፣ ሆዱ ነፋስ ያገኛል፣ ቅርጹም አይጣመምም። ከጭቃ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከወለሉም ከፍ ይበል፤ ጭቃ ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ሁለቱም በክረምት ያልባሉ። በቆርቆሮ ቤት ሌሊት ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ጤዛ ማሰብ ያሻል። መሸፈኛው አቡጀዲ ወይም ያረጀ ነጠላ ይሁን። ዛብና ልባብ በሰፊ የእንጨት ካስማ ላይ ይሰቀሉ፤ ምስማር ላይ የተሰቀለ ዛብ እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፍና ይሰነጠቃል። የአብያተ ክርስቲያናት ጠባቂዎች መጽሐፍን በቆዳ ማኅደር ከተው በካስማ ላይ ሰቅለው የሚያኖሩት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው፤ የሐይቅ እስጢፋኖስን የመሰሉ ገዳማት ብራናን ለዘመናት ያቆዩት በሐይቅ ዳር እርጥበት ውስጥ ሆነው ነው።

ለማን የቱ?

በደላንታ፣ በዋድላ ወይም በለጋምቦ ደጋ አንዲት በቅሎ ያለው ገበሬ፣ ዕቃው አብዛኛው ጥሬ ጠፍር ከሆነ፣ የተነጠረ የበግ ሞራና የምድጃ አጠገብ መስቀያ ይበቃዋል። ከኪሱ የሚወጣ ነገር አይኖርም። ዛቡን ብቻ በጉሎ ቢያሸው ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው፤ ጉሎ በከፍተኛው ደጋ ስለማይበቅል አንድ ጠርሙስ ከቆላ ወንድም ማስመጣት ነው።

በላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም እንግዳ የሚያወጣ ባለበቅሎ ሌላ ሰው በኮርቻው ላይ ስለሚቀመጥ ኃላፊነቱ ይከብዳል። እርሱ ሙሉውን የሰም ውሁድ ይጠቀም፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ሥራው ወጪውን ይመልስለታል። ለእርሱ ከቅባቱም በላይ የሚያስፈልገው የእርካብ ማንጠልጠያውንና የሆድ ማሰሪያውን በጣቱ አጥፎ መመርመር ነው። በታጠፈበት ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየ ቅባት አይረዳውም፣ ይቀየር።

የጉግስና የሠርግ ኮርቻ ያለው ሰው ጉዳዩ ለየት ይላል። ወሎ የፈረሰኛ አገር ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱት የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ዝና፣ አባ ሻንቆ የሚለው የፈረስ ስማቸውም ሳይቀር፣ ዛሬም ይነገራል። ከዚያ ዘመን የተረፈ ወይም በዚያ አምሳል የተሠራ፣ ናስና ጥልፍ ያለበት ኮርቻና ግላስ (የኮርቻ ልብስ) በየቤቱ አለ። እንዲህ ያለው ሰምም ሞራም አይቀባ። ቅባት ናስን ሲነካ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ጥልፉንም ያቆሽሻል። ናስ የሌለበት የቆዳው ክፍል ብቻ ጥቂት ጉሎ ይበቃዋል፤ ገንዘቡ ሁሉ ለቋሚውና ለንጹሕ አቡጀዲ ይዋል። የሱፍ ግላስ ብል እንዳይበላው ከመሸፈኑ በፊት ፀሐይ ላይ ይራገፍ፤ በልማድ በመካከሉ ደረቅ አሪቲ ይደረጋል።

በኮምቦልቻና በባቲ ጋሪ የሚያሠራ ሰው ክረምት ብሎ ሥራ አያቆምም፤ ስለዚህ የማሳደሪያ ቅባት ሳይሆን የየሳምንቱ ጥገና ያስፈልገዋል። ሰም የበዛበት የቆላ ውሁድ በየሁለት ሳምንቱ በስሱ፣ ዝናብ ከመታው በኋላም በጥላ ማድረቅ ይበቃዋል።

በደጋ የሚኖር ሁሉ ደግሞ በጥር መጨረሻ፣ በልግ ሳይገባ፣ ቅባቱን አንድ ጊዜ ይድገም። በክረምቱ ውስጥም ቢሆን ኮርቻው ተሸፍኖ ዝም አይባል። በየሦስት ሳምንቱ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቀን፣ አቡጀዲው ይነሣ፣ ሆዱ ይታይ፣ ከስፌቱ ሥር በጣት ይዳሰስ። ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ቆዳ ከቆዳ ጋር ከተነባበረበት፣ በተለይም ከእርካቡ ማንጠልጠያ ሥር ነው፤ በዚያ ቦታ ነጭ ነገር የተገኘ እንደሆነ ማንጠልጠያው ለብቻው ተፈትቶ እስከ መስከረም ከካስማ ላይ ይሰቀል።